የህንድ ወንድ ታይገር፦ ሚዛኑ የሚለውና የሚወራው

የህንድን የዱር ወንድ ታይገሮች ግዝፈት የሚያወሳ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ አንባቢ አግኝቶ ተመለከትሁ። ፍሬ ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዕድገቱን የጨረሰ የህንድ ወንድ ታይገር በአማካይ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ አንዳንዱም 400ን ይጠጋል፤ ርዝመቱ አራት ሜትር ይደርሳል፤ የሳይቤሪያው ዘመዱ ደግሞ በብርዱ ምክንያት ከእርሱም ይገዝፋል፤ ትልልቆቹ በቅኝ ግዛት ዘመን በአዳኞች ጥይት ስላለቁ የዛሬዎቹ ከአባቶቻቸው ያነሱ ናቸው፤ ለዚህ ሁሉ ፎቶግራፎችና በጭቃ ላይ የታተሙ የእግር ዳናዎች ምስክር ይሆናሉ። ጸሐፊው ለእንስሳው ያላቸው አድናቆት ከልብ የመነጨ መሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ በዚህ አልለያቸውም። የምቃወመው ቁጥሮቹንና በቁጥሮቹ ላይ የተገነቡትን ድምዳሜዎች ነው። ሚዛን ላይ የወጣው ታይገር ያለ ማጋነን ራሱ አስደናቂ ነው፤ የተጋነነው ቁጥር ግን ያ ግዝፈት ከየት እንደሚመጣ እንዳናይ ይጋርደናል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከክብደቱ ልጀምር። ለ400 ኪሎ ግራሙ ጸሐፊው በማስረጃነት ያቀረቡት በ1967 በሰሜን ህንድ በአንድ አሜሪካዊ አዳኝ የተገደለውንና ቆዳው ተሞልቶ በዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለእይታ የበቃውን ታይገር ነው። ይህ እንስሳ 389 ኪሎ ግራም እንደመዘነ በእርግጥ ተመዝግቧል። ነገር ግን ክብረ ወሰን የሚባለው ሌላው ስላልደረሰበት ነውና፣ አንድ ለእናቱ የሆነን ታይገር ይዞ ስለ ወገኖቹ ሁሉ አማካይ መናገር አይቻልም። ከዚህም በላይ ይህ ታይገር ከመገደሉ በፊት በነበረው ሌሊት የጎሽ ሥጋ በልቶ ነበር። ወንድ ታይገር በአንድ ሌሊት 30 ኪሎ ግራምና ከዚያ የሚበልጥ ሥጋ ሊበላ ስለሚችል፣ የጠገበውንና የተራበውን ታይገር በአንድ ቁጥር መጥራት ከመነሻው ስሕተት ነው። እርግጥ ነው፣ ከ389 ላይ 40 ኪሎ ግራም ቢቀነስ እንኳ የሚቀረው እጅግ ግዙፍ እንስሳ ነው፤ ይህን አልክድም። የምለው፣ ከዚያ ወዲህ በተመራማሪዎች እጅ ከተመዘኑት የዱር ታይገሮች አንዱም ወደዚያ ቁጥር አልተጠጋም ነው።

ስለ አማካይ ለመናገር ብዙ እንስሳት በአንድ ዓይነት መንገድ ተመዝነው መገኘት አለባቸው። እንዲህ ያሉ መዝገቦች አሉ፤ ጸሐፊው ግን አንዱንም አልጠቀሱም። የኩች ቤሃር ማሃራጃ የነበሩት ኒሪፔንድራ ናራያን በሰሜን ምሥራቅ ህንድ ባካሄዷቸው አደኖች የተገደሉትን ታይገሮች እያስመዘኑ የማስመዝገብ ልማድ ነበራቸው፤ ከእርሳቸው መዝገብ የሚገኘው የወንዶች አማካይ 209 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በማዕከላዊ ህንድ የደን ሹም ሆኖ ያገለገለው ብሪታንያዊው ደንባር ብራንደር ደግሞ ለ42 ወንዶች ያገኘው አማካይ 190 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ሁለቱም አዳኞች ናቸው፤ አዳኝ ደግሞ የገደለውን አሳንሶ ለመናገር ምንም ምክንያት የለውም።

ከአደኑ ዘመን ወደ ምርምሩ ዘመን ስንሻገር ቁጥሩ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። የስሚዝሶኒያን ተቋምና የኔፓል መንግሥት በ1973 በቺትዋን በጀመሩት ጥናት ታይገሮቹ የተያዙበት ዘዴ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። ማታ የጎሽ ጥጃ ይታሰራል፤ ታይገሩ ገድሎ ይበላና እዚያው አቅራቢያ ባለ ጥሻ ውስጥ ይተኛል። ጠዋት በጥሻው ግራና ቀኝ ነጭ ጨርቅ እየጠበበ እንዲሄድ ተደርጎ ይዘረጋል። ሰዎች በዝሆን ላይ ተቀምጠው ከኋላ በዝግታ ሲገፉት፣ ታይገሩ ያን ተራ ጨርቅ መሻገር ስለማይደፍር ወደ ጠባቡ ጫፍ ያመራል፤ በዚያ ዛፍ ላይ የሚጠብቀው ሰው የማደንዘዣ መርፌ ይተኩስበታል። እንስሳው ሲደነዝዝ ይለካል፣ ይመዘናል፣ በአንገቱም የሬዲዮ ማሰራጫ ይታሰርለታል። በዚህ መንገድ የተመዘኑት ሰባት የጎለመሱ ወንዶች አማካይ 235 ኪሎ ግራም ሆነ፤ ትንሹ 200፣ ትልቁ 261 ነበር። እነርሱም ቢሆኑ ሌሊቱን ጥጃ የበሉ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ቺትዋን ያለው በኔፓል ነው ብለው ጸሐፊው ሊከራከሩኝ ይችሉ ይሆናል፤ ሆኖም በህንድ ቢሃር ግዛት ከሚገኘው ከቫልሚኪ የታይገር ጥብቅ ደን ጋር ኩታ ገጠም ነው፤ ታይገሮቹም የሁለቱን አገሮች ድንበር እያቋረጡ ይኖራሉ።

በደቡብ ህንድ በካርናታካ ግዛት ደግሞ ዶክተር ኡላስ ካራንት ከ1990 ጀምሮ በናጋራሆሌ ደን ባካሄዱት ጥናት የያዟቸው ወንዶች ከ209 እስከ 235 ኪሎ ግራም መዝነዋል። እንግዲህ በአዳኞቹም በተመራማሪዎቹም መዝገብ የሚታየው፣ የህንድ ወንድ ታይገር በአብዛኛው ከ180 እስከ 260 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ነው። 235 ኪሎ ግራም ማለት ሁለት ኩንታል ጤፍ ከነጭማሪው ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ክብደት በደረቅ ቅጠል ላይ ኮሽታ ሳያሰማ ይራመዳል። ይህን እንስሳ ለማድነቅ ሌላ 100 ኪሎ ግራም መመረቅ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

ስለ ርዝመቱ የቀረበው አራት ሜትር የሚለው ቁጥር በጸሐፊው በራሳቸው ምስክር ይፈርሳል። ያ የ1967ቱ ታይገር ርዝመቱ በሁለት ችካሎች መካከል 3.22 ሜትር ነበር፤ የአካሉን ጉብታ ተከትሎ ሲለካም 3.4 ሜትር አልሞላም። የሁለቱ አለካክ ልዩነት ብዙ ክርክር ስላስነሣ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው አለካክ የሞተው እንስሳ በጎኑ ይጋደምና በአፍንጫው ጫፍና በጅራቱ ጫፍ ላይ ችካል ይተከላል፤ ሬሳው ተነሥቶ በችካሎቹ መካከል ያለው ርቀት ቀጥ ባለ መስመር ይለካል። በሁለተኛው ሜትሩ ከአፍንጫ ተነሥቶ በግንባር፣ በትከሻና በጀርባ ላይ እየተጫነ እስከ ጅራት ይዘልቃል። በዚህኛው መንገድ ሜትሩን ወደ እያንዳንዱ ጉድጓድ በጣቱ የሚጫን ሰው ያለ ችግር አሥርና ሃያ ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። የእንግሊዝ እንደራሴዎች ለአደን ሲወጡ የአንዱ ጫማ ርዝመት ከ12 ወደ 11 ኢንች ያጠረበት ልዩ ሜትር ይዘጋጅላቸው ነበር እየተባለ በዘመኑ ይወራ ነበር። ወሬው እውነት ይሁን ቀልድ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ራሳቸው የአደን ቁጥሮችን በምን ዓይን ያዩ እንደነበር ያሳያል። በታዋቂው አዳኝ በጂም ኮርቤት በ1930 የተገደለውና በሰሜን ህንድ ስሙ የገነነው የፖዋልጋር ወንድ ታይገርም 3.23 ሜትር የተባለው ጉብታን በተከተለው አለካክ ነው፤ የተመዘገበለትም ርዝመቱ እንጂ ክብደቱ አይደለም። በችካል የተለኩ የህንድ ወንዶች ባብዛኛው ከ2.7 እስከ 3.1 ሜትር ይሆናሉ፤ ከዚህ ውስጥ አንድ ሜትር ያህሉ ጅራት ነው።

ቀጥሎ የሳይቤሪያው ነገር ይመጣል። ብርድ እንስሳትን ያገዝፋል፣ ስለዚህ የሰሜኑ ታይገር ከህንዱ ይበልጣል የሚለው ሐሳብ የጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ በብዙ የትምህርት መጻሕፍትም ሰፍሮ ኖሯል። ሆኖም ተመራማሪዎች በ2005 የሳይቤሪያን ታይገር የድሮና የቅርብ ጊዜ ክብደቶች አንድ በአንድ አጣርተው ባሳተሙት ጥናት፣ በቅርቡ የተመዘኑት የዱር ወንዶች አማካይ 176.4 ኪሎ ግራም፣ ተዓማኒ ሆነው የተገኙት የድሮዎቹ አማካይ ደግሞ 215.3 ኪሎ ግራም ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ዛሬ በዱር የሚኖረው የሳይቤሪያ ወንድ ከቺትዋኑ በ60 ኪሎ ግራም ያህል ያንሳል፤ የድሮውም ቢሆን አይበልጠውም። ግራ መጋባቱ የመጣው በአጥር ውስጥ ካደጉት ነው። ጄይፑር የተባለው የሳይቤሪያ ታይገር 423 ኪሎ ግራም መዝኗል፤ ያ እንስሳ ግን በሰው እጅ ሥጋ እየቀረበለት የኖረ ነው። ጸሐፊው ስለ ዱር እንስሳት እየጻፉ መሆናቸውን ረስተው የአጥር ውስጥ ቁጥር ማስገባታቸው በጽሑፉ ካሉት ግድፈቶች ሁሉ ለአንባቢ የማይታየው ነው።

የብርዱ ትንታኔ ሌላም ጉድለት አለበት፤ ይኸውም በህንድ ውስጥ ያለውን ልዩነት ጨርሶ ሊያስረዳ አለመቻሉ ነው። ጽሑፉ የህንድን ታይገር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ልክ ያለው አድርጎ ያቀርበዋል። ናጋራሆሌ ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ርቆ የሚገኝ ሞቃት ደን ነው። የጋንጅስ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት የሚገኘው የሱንዳርባንስ ማንግሮቭ (በጨው ውኃ ዳር የሚበቅል ዛፍ) ደን ከናጋራሆሌ በ10 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ይርቃል። ሁሉም ነገር በብርድና በሙቀት የሚወሰን ቢሆን ኖሮ የሱንዳርባንሱ ሊገዝፍ ይገባ ነበር። ያለው እውነት ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በሱንዳርባንስ የባንግላዴሽ ክፍል የተመዘኑት ሦስት የጎለመሱ እንስቶች አማካይ 76.7 ኪሎ ግራም ብቻ ሆኗል፤ የቺትዋን እንስቶች አማካይ ግን 140 ነው። በግማሽ ያህል መለያየት ማለት ነው። ከአንድ ወገን የሆኑ ታይገሮች ይህን ያህል የሚራራቁት ለምንድን ነው?

መልሱ በአመዛኙ ደኑ የሚያበላው ምን እንደሆነ ከማየት ይገኛል። በናጋራሆሌ ወንዱ አንድ ሺህ ኪሎ ግራም ሊደርስ የሚችለው ጋውር የተባለው የዱር ከብት አለ፤ ሳምባር የተባለው ትልቅ አጋዘን አለ፤ ቺታል የተባለው ባለ ነጠብጣብ አጋዘንና የዱር አሳማም ሞልቷል። ዶክተር ካራንትና ሜል ሰንኲስት በዚያው ደን ባደረጉት ጥናት ታይገሮች የሚገድሏቸው እንስሳት አማካይ ክብደት 91.5 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ በዚያው ደን የሚኖረው ነብር ደግሞ አማካዩ 37.6 ኪሎ ግራም በሆኑት ይረካል። በሂማላያ ግርጌ በተዘረጋው በቴራይ ሣራማ ሜዳም እንዲሁ ነው፤ ወንዞቹ በየዓመቱ ደለል ያመጣሉ፣ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፣ አጋዘኑ ይበዛል። በሱንዳርባንስ ግን መሬቱ በቀን ሁለት ጊዜ በጨው ውኃ ይጥለቀለቃል፤ ጋውርም ሳምባርም የሉም፤ የታይገሩ ቀለብ በዋናነት ቺታልና የዱር አሳማ ነው፤ እነዚህን ለመጣልና በጭቃ ውስጥ ለመንቀሳቀስ ትልቅ አካል ትርፍ ሸክም ይሆናል። የአየር ንብረት ምንም ድርሻ የለውም አልልም፤ በምድር ወገብ ላይ በምትገኘው በሱማትራ ደሴት ያሉ ታይገሮች ትንንሽ መሆናቸው ይታወቃል። ሆኖም ለህንዱ ጥያቄ ከቴርሞሜትሩ በፊት የደኑን የአጋዘንና የዱር ከብት ብዛት መቁጠር ያዋጣል።

የዛሬዎቹ ከአባቶቻቸው ያነሱ ናቸው የሚለውን ነጥብ በተመለከተ ጽሑፉ ራሱን ይቃረናል፤ በአንድ በኩል የህንድ ወንድ ታይገር በአማካይ ከ300 በላይ ይመዝናል ይላል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ትልልቆቹ አልቀዋል ይላል። ከላይ ያቀረብኋቸውን መዝገቦች ጎን ለጎን ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። የቅኝ ግዛት ዘመን አማካዮች 190 እና 209 ናቸው፤ ከ1973 በኋላ በሚዛን የተረጋገጡት ከ200 እስከ 261 ናቸው። ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ የአዳኞቹ አማካይ ዕድገታቸውን ያልጨረሱ ወጣቶችን ሳያካትት አይቀርም፤ የተመራማሪዎቹ ደግሞ ክልል የያዙ ጎልማሶች ላይ ያደላ ነው። ስለዚህ ታይገሩ ገዝፏል ብዬ አልከራከርም። አንሷል ለማለት ግን ምንም መሠረት የለም። አደኑና የደኑ መመንጠር ያሳነሱት አካሉን ሳይሆን ቁጥሩን ነው፦ ህንድ በ1972 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አውጥታ፣ በ1973 የታይገር ጥበቃ ፕሮጀክት ብትጀምርም በ2006 ግምት የተገኙት 1,411 ብቻ ነበሩ፤ በ2022 ግምት ወደ 3,682 ከፍ ብለዋል። በሳሪስካ ደን ግን በ2005 አንድም ታይገር አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ ከ2008 ጀምሮ ራንታምቦር ከተባለው ደን ማምጣት አስፈልጓል።

ሳሪስካ ወደ ዳናው ጉዳይ ይወስደኛል። የታይገርን ብዛት በእግር ዳና የመቁጠሩ ዘዴ በኦዲሻ የደን ባለሙያው ሳሮጅ ራጅ ቾውድሪ በ1966 ተጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ሠርቷል። በሳሪስካ እንስሳቱ እያለቁ ሳሉ በወረቀት ላይ ታይገር አለ መባሉ የዘዴውን ድክመት አጋለጠና፣ ከዚያ ወዲህ በሽንትሮቹ አቀማመጥ እያንዳንዱን ታይገር የሚለዩ ስውር ካሜራዎች ተተኩ። ዳና ጾታን ለመገመት ይረዳል፤ የወንዱ ወደ አራት ማዕዘን ያደላ፣ የእንስቷ ረዘም ያለ ነው። ክብደትን ግን አይናገርም። በለስላሳ ጭቃ ላይ የተራመደ መካከለኛ ታይገር በጠጣር አቧራ ላይ ከሄደ ግዙፍ የሰፋ ዳና ይተዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ ጠርዙ እየተሰነጠቀ ይበልጥ ይሰፋል።

ፎቶግራፎቹን በሚመለከት ብዙ የምለው የለም። ጸሐፊው የጠቀሱት በማሃራሽትራ በኡምሬድ ካርሃንድላ ይኖር የነበረውና በ2016 ደብዛው የጠፋው ጄይ በእርግጥ እጅግ ትልቅ ታይገር ነበር፤ ጋዜጦች ግን ይሰጡት የነበረው ግምት 250 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ይህም ከላይ ካየነው ልክ አይወጣም። ሬሳውን ፊት ለፊት አስቀምጦ አዳኙ ከኋላ ራቅ ብሎ የሚቀመጥባቸው የድሮ ሥዕሎች ስለ ካሜራው እንጂ ስለ ታይገሩ አይመሰክሩም። ከአንበሳ ጋር የተደረገውንም ንጽጽር በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈዋለሁ፦ የሁለቱ ወንዶች ክብደት ጽሑፉ እንደሚለው እጥፍ በእጥፍ የሚራራቅ አይደለም፤ በደቡባዊ አፍሪካ የወንድ አንበሳ አማካይ 190 ኪሎ ግራም ያህል ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይልቅ የሚያከራክር ይመስለኛል። ጽሑፉ ወንዱ ይህን ያህል የገዘፈው ጋውርን የመሰለ ትልቅ እንስሳ ለመጣል ነው ይላል። ምግቡ አካሉን እንደሚያኖረው ከላይ ተናግሬአለሁ፤ ወንዱ ከእንስቷ የሚበልጥበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። 140 ኪሎ ግራም የምትመዝነው እንስት በዚያው ደን ያንኑ አጋዘን እያደነች፣ ራሷን ብቻ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ደቦሎችን ጭምር ትመግባለች። ለአደን የሚያስፈልገው እርሷ ያላት ያህል ከሆነ ወንዱ የተሸከመው ተጨማሪ 95 ኪሎ ግራም ያህል የሌላ ሥራ ነው፤ ሥራውም ሌሎች ወንዶችን ከክልሉ ማራቅ ነው። በቺትዋን ከተመዘኑት ግዙፎች አንዱ የሆነው፣ የሳውራሃ ወንድ የተባለው ታይገር በጉልምስናው ዘመን የሰባት እንስቶችን መኖሪያ የሚያካልል ክልል ይዞ ነበር። ክልሉን በያዘባቸው አራት ዓመታት 51 ደቦሎች የተወለዱለት ሲሆን፣ 27ቱ ከእናቶቻቸው ተለይተው ለመሄድ እስኪበቁ ድረስ ኖረዋል። ክልሉን የሚያስከብር ወንድ ሲሞት ወይም ሲሸነፍ ግን አዲስ መጪዎቹ ወንዶች የቀድሞውን ደቦሎች ይገድላሉ፤ እናቶቻቸው ዳግመኛ ለመፀነስ የሚደርሱት እንዲያ ሲሆን ነውና።